በርበሬ የሌለበት ግብዣ

መምሬ ሀብተ ሥላሴ የሞቱት በክብር ወንበር ላይ፣ ከእንግዳው ሻለቃ ቀኝ ተቀምጠው ነው። መቶ አለቃ ደባሱ ወደ ሆቴሉ ሲደርስ አስከሬናቸው በምግብ አዳራሹ ወለል ላይ ነጭ አንሶላ ለብሷል፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወድቋል። ግብዣው እንዳለ ነው። የተጠበሰው ዓሣ፣ አይቡ፣ ሥሡ ዳቦ፣ የተቆላው ሽምብራ፣ ሁሉም እምብዛም ሳይነካ በደረቁ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተደርድሯል። በቀጫጭኖቹ ብርጭቆዎች ውስጥ የቀረው ገረጣ ያለ ወይን ግን ከሥሩ ጥቃቅን አረፋ እየላከ፣ ሰው መሞቱን እንዳልሰማ ሁሉ፣ ዝም ብሎ ይፈላል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ዓመቱ 1974። የገና ጾም ሊፈታ ተቃርቧል፤ ላሊበላ የበዓሉን እንግዳ መቀበል ጀምራለች።

የጤና ረዳቷ ይማርሽ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ደባሱን ስታይ አንሶላውን ገለጠችለት።

“ጀርባቸውን አየኸው? እንደ ቀስት ተለምጧል። መንጋጋቸውም አልላቀቅ ብሏል። እንዲህ ያለ አሟሟት ያየሁት በውሻ ላይ ነው።”

“በውሻ?”

“አምና ያበዱ ውሾች ሲጠፉ የታደለው መርዝ ነው። ትንሹ ይበቃል። ከተበላ በኋላም ብዙ አያቆይም፤ ሰው ከዚህ ገበያው ድረስ ሄዶ እስኪመለስ ቢሆን ነው። ብቻ ሲበዛ መራራ ነው። ኮሶ በለው።”

ደባሱ ጎንበስ ብሎ የካህኑን ቀኝ እጅ አነሣ። የጣቶቻቸው ጫፍ ቀልቷል። አስጠግቶ አሸተተው። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት። የነጠላቸውም ጥለት ላይ አንዲት ቀይ ነጠብጣብ አለች። እጃቸውን መልሶ በቀስታ ደረታቸው ላይ አኖረውና ተነሣ።

ከበስተኋላው የጫማ ድምፅ ሰማ። ጓድ አለሜ ነበር፤ የከተማው ካድሬ። ሽጉጡን እንደ ወትሮው ከኮቱ በላይ ታጥቋል።

“መቶ አለቃ፣ ብዙ አትድከም። ነገሩ ግልጽ ነው። ወይኑን ያመጣው ጋባዣችን ጣሊያኑ ነው። ያስተናገደችው ወጥ ቤቷ ነች። ሥራ አስኪያጁ አብዱልሀሚድ ደግሞ ጽዋ ሲነሣ አልቀመሰም፤ ምን እንዳለበት ባያውቅ ለምን ይተወዋል? ሦስቱንም አስሬያቸዋለሁ።”

“ሻለቃውስ ጠጥተዋል?”

“ሁላችንም ጠጥተናል። መርዙ የተጨመረው በቄሱ ብርጭቆ ነው። አድኃሪ ብልጥ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሰው ብቻ ነው የሚመታው።”

“እርስዎስ የት ነበሩ፣ ጓድ አለሜ? ሁሉንም መጠየቅ ስላለብኝ ነው።”

አለሜ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም። “ጠይቅ፣ ጠይቅ። እዚሁ ነበርኩ። ጣሊያኑ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ስለ ወይኑ ሲለፈልፍ እንደ ሌላው ሰው ከብቤው ነበር። ጠርሙሱ እንደ ጥይት ጮኾ ተከፈተ፣ ሰው ሳቀ፣ ተቀዳ። ከዚያ ቄሱ መጥተው ተቀመጡ። እኔ ስለ አብዮቱ ንግግር አድርጌ ጽዋ አነሣሁ፤ እሳቸው ከንፈራቸውን አስነክተው ወደቁ። ይኸው ነው።”

ወደ በሩ ከሄደ በኋላ መለስ አለ። “ነገ ረፋዱ ላይ አውሮፕላን ይመጣል። ሻለቃው ሦስቱን ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያንተ ጉዳይ አይደለም።”

ደባሱ “ይዘዋቸው ይሄዳሉ” የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። በቀይ ሽብሩ ዘመን ታናሽ ወንድሙን ከደሴ ቤታቸው ይዘውት ሄደው ነበር፤ በማግሥቱ እናታቸው ያገኘችው መንገድ ዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ደባሱ የመኪና በር ሲዘጋ እንኳ ዞሮ ያያል።

አብዱልሀሚድን የዘጉበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በበሩ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ታጣቂዎች ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ እርጥቡ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ በጣቱ መቁጠሪያውን ይገፋል።

“ለምን አልጠጣህም?” አለው ደባሱ።

“መቶ አለቃ፣ እኔ እስላም ነኝ። የቃሉ አውራጃን ልጅ ማን አስክሮት ያውቃል? ይኸው ስንት ዓመት ለእንግዳ እቀዳለሁ፤ አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። ዛሬ ወንጀል ሆኖ መጣ።”

“የውሻ መርዝ በእጅህ አለ?”

የአብዱልሀሚድ ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ድምፁ ዝቅ አለ። “አለ። አልዋሽህም። ከጓሮ ጅብ እያስቸገረን ስለሆነ ተቀብያለሁ። ከዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ግማሹን ተጠቅሜበታለሁ።”

“ከማን ተቀበልከው?”

“ከማን ይሆናል፤ ከጓድ አለሜ ቢሮ ነዋ። የሚያድለው እሱ አይደል?” ቀና አለ። “ወላሂ ልጆቼን አያሳየኝ፣ እኔ መምሬን አልነካኋቸውም። መስጊዳችን ጣሪያው ሲፈርስ ግንድ ያሸከሙልን እሳቸው ናቸው።”

ደባሱ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ አየው። የመርዙ ቆርቆሮ አለ፤ ክዳኑ ተከፍቷል፤ ግማሹ የለም። ሰውየው እንዳለው ነው። እንዳለው መሆኑ ግን አይጠቅመውም። ይህን ቆርቆሮ አለሜ ካየ፣ አብዱልሀሚድ ነገን አያልፍም። ደባሱ ቆርቆሮውን በጋዜጣ ጠቀለለና ከካፖርቱ ሥር ሸጎጠው። ይህን ሲያደርግ ከሕግ ይልቅ ፍርሃት እንደመራው ያውቃል።

ወጥ ቤቷን ስሜነሽን ከማድ ቤቷ አላስወጧትም፤ እዚያው ነው የዘጉባት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ተቀምጣ የቀዘቀዘውን የዘይት መጥበሻ ትመለከታለች።

“ዓሣው ከየት ነው?” አላት፤ ከቀላሉ ለመጀመር።

“ከሐይቅ ነው። በመኪና ጎዝጉዘው ያመጡልኝ። እኔማ ደህና አድርጌ ላሳምረው ነበር። ጣሊያኑ ከለከለኝ።”

“ምን ብሎ?”

“በርበሬ አትንኪ ብሎ። ‘ይህ ወይን ጨውና ቀላል ጥብስ ይወዳል፤ በርበሬ ሲያገኝ አረፋው ምላስ ላይ እሳት ይሆናል’ አለኝ። ‘ያለ በርበሬ የቀረበ ምግብ ለበሽተኛ ነው’ ብዬ ተከራክሬዋለሁ። አልሰማም። ዳጣውንም ሚጥሚጣውንም ከጓዳ አስወጥቶ ከጎረቤት አስቀመጠብኝ። ‘አውቅሻለሁ፣ ታስገቢያለሽ’ አለኝ።” ፈገግ ልትል ቃጥቷት ተወችው።

“እና በአዳራሹ ውስጥ በርበሬ የነካው ነገር አልነበረም?”

“ምልክቱም።”

“ለመምሬስ የጾም አዘጋጅተሽ ነበር?”

“ምነው አላዘጋጅ! ሽምብራው፣ በዘይት የተጠበሰው ድንች፣ ዳቦው የሳቸው ነው። ግን አልነኩልኝም። ‘ብሉ እንጂ አባቴ’ ብላቸው፣ ‘በልቻለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን’ አሉኝ። ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ነው የመጡት፤ የት እንደበሉ እንጃ። እስኪጠሩ ድረስ በጎን ካለችው የእንግዳ ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።”

ደባሱ ሊወጣ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

“መቶ አለቃ፣ ከተማው ምን እንደሚል ሰምተሃል? ‘መምሬ በጾም ከፈረንጅ ማዕድ ገድፈው ተቀሠፉ’ እየተባለ ነው። ለሰውነታቸው እንኳ አላዘኑላቸውም።”

በእንግዳዋ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ምንጣፍ ብቻ አለ። ደባሱ መስኮቱን ከፈተ። ምንጣፉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አገኘ፤ ከወንበሩ እግር አጠገብ ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ ያልደረቀች ቀይ ጠብታ። ሳህን የለም። ጣሳ የለም። ያበላቸው ሰው ዕቃውን ይዞ ወጥቷል።

ጠብታዋ አዋዜ ናት። መፋጀቱ የመርዙን ምሬት ሸፍኖታል። ካህኑ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም፤ የጾም ነው ተብሎ የቀረበላቸውን ባርከው በልተዋል። ግን ማን አቀረበላቸው?

ጣሊያኑ ሲኞር ቤርቶ የታሰረው በራሱ መኝታ ክፍል ነው። አሥመራ ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ሲሆን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናቱን ስንጥቅ ለማጥናት ከመጣ ከርሟል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ “እርስዎ” የሚባለውን ነገር አለማወቁ ነው። ሻለቃውንም፣ ካህኑንም “አንተ” እያለ ነው የሚያነጋግረው።

“አንተ ንገረኝ፤ ይገድሉኛል?” አለው ደባሱን።

“አላውቅም። ስለ ወይኑ ይንገሩኝ።”

“ፕሮሴኮ ነው። አባቴ ከተወለደበት ኮረብታ የመጣ። ሥራዬን ስጨርስ እከፍተዋለሁ ብዬ አስቀምጬው ነበር።” ከአልጋው ሥር ሁለተኛውን ጠርሙስ አወጣ፤ ታጣቂዎቹ አላዩትም ኖሯል። “ቀላል ወይን ነው፣ ኩራት የለውም። ዓሣ ስጠው፣ አይብ ስጠው፣ ጨው ያለው ሽምብራ ስጠው፣ ደስ ይለዋል። የእናንተን ነጭ ማር ከሰጠኸው ወዲያው ሆምጣጤ ይሆንብሃል። በርበሬ ከሰጠኸው ይጣላሃል።”

“ዱቄት ነገር በብርጭቆው ውስጥ ቢጨመርበትስ? ሰው ሳያይ?”

ቤርቶ ትንሽ አሰበና ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። የሽቦውን ቆብ ፈታ፤ ቡሹን በመዳፉ ጨብጦ ጠርሙሱን ከሥሩ ቀስ አድርጎ አዞረ። ደባሱ ሳያውቀው ትከሻውን ሰብስቦ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም። የተኛ ሰው ትንፋሽ የምታህል ድምፅ ብቻ ተሰማች። ቤርቶ በብርጭቆ ቀዳና ከጨው ማስቀመጫው ቆንጥሮ ጣል አደረገበት። አረፋው ገንፍሎ የብርጭቆውን አፍ አልፎ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

“ይኸው። ዱቄት ከነካው እንዲህ ይጮኻል፤ አይደበቅም።”

የካህኑ ብርጭቆ የቆመበት የጠረጴዛ ልብስ ደረቅ ነበር፤ ደባሱ አስታወሰው። መርዙ ከወይኑ አልነበረም።

“መምሬ ሀብተ ሥላሴን ማን ጠራቸው?”

“እኔ። ለኔ ወዳጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝግባ ዋሻ ቤተ ክርስቲያኑ ሄጄ ሳለ አለቀሰብኝ። ‘የጥንቱን የወርቅ መስቀላችንን አንድ የመንግሥት ሰው ለምዝገባ ብሎ ወሰደው፣ አልመለሰውም’ አለ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ ‘ለትልቁ ሰው ብቻ ነው የምናገረው’ አለ። ስለዚህ ከሻለቃው አጠገብ አስቀመጥኩት።”

“አጠገባቸው እንደሚቀመጡ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር?”

“የግብዣውን ነገር ሁሉ ለአለሜ ነግሬው ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ እዚህ ምን ይደረጋል?”

ደባሱ የብርጭቆውን አረፋ ትኩር ብሎ ያይ ነበር። አሁን ገና የሆነ ነገር ወጋ አደረገው።

“ዛሬ በግብዣው ላይም፣ እንዲሁ ነው የከፈቱት? ድምፅ ሳያሰሙ?”

“አዎ። ሰው ይፈነዳል ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን እዚህ አገር ብዙ ቆይቻለሁ። ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ አይቻለሁ። ደስ ይበላችሁ ብዬ ጠርቼ እንዴት በጥይት ድምፅ አስደነግጣለሁ? ሻለቃው ራሱ፣ ‘ጠብቄህ ነበር፣ ከዳኸኝ’ አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ።”

ሳቁ። አለሜም “ሰው ሳቀ” ብሏል፤ ግን “እንደ ጥይት ጮኾ ተከፈተ” ያለውም እሱ ነው። ሳቁን ከውጭ ሰምቶታል ማለት ነው።

ደባሱ ተመልሶ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ከዚያም ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። አብዱልሀሚድ ይፈነዳል ብሎ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ እንደነበርና ምንም ሳይፈነዳ በመቅረቱ እንዳፈረ ነገረው። ስሜነሽም በበሩ ስንጥቅ እያየች ነበር፤ “ትንፍሽ አላለም” አለች። ሁለቱንም “ጓድ አለሜ ያኔ የት ነበር?” አላቸው። ሁለቱም “እዚያው” አሉ፤ ከዚያ ተጠራጠሩ። ዓይናቸው ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ነበር።

ሲመሽ ከሆቴሉ ወጣ። ነፍሰ ገዳዩን አግኝቶታል። ያገኘው ሰው ግን፣ በአንድ ቃል ደባሱን ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ሰው ነው።

ሲነጋጋ ባለቤቱ ሽታዬ ቀድማው ተነሥታ ዩኒፎርሙን ስትተኩስ አገኛት። ማታውን ሁሉንም ነግሯታል።

“ታመምኩ በል” አለችው ቀና ሳትል።

“ሦስት ሰው ይሞታል።”

“አንተስ? ወንድምህ አይበቃም?”

ደባሱ እጁን ወደ ሸሚዙ ዘረጋ። ሽታዬ ሸሚዙን አነሣችና ራሷ አለበሰችው፤ አዝራሩን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችለት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ ቆየ።

“ከሻለቃው ፊት ተናገር” አለች። “ለብቻው ካለ ሰው ጋር እንዳትናገር። ሰው ባለበት ተናገር።”

ሻለቃ አንዳርጌ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ማዕዱ ገና ባልተነሣበት አዳራሽ ተቀምጧል፤ ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ አጭር፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ነው። አለሜ ከጎኑ ቆሟል። ሦስቱ እስረኞች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከሩቅ የአውሮፕላኑ ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

“ጓድ ሻለቃ” አለ ደባሱ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። “እስረኞቹን ከመውሰድዎ በፊት የምስክር ቃል ልሙላ። ጓድ አለሜ በመጀመሪያ ቢናገሩልኝ። ሌላው ሰው እሳቸው እስኪጨርሱ ዝም እንዲል እለምናለሁ።”

ሻለቃው ሰዓቱን አየ። “በአጭሩ።”

“ጣሊያኑ ጠርሙሱን ሲከፍት የት ነበሩ፣ ጓድ አለሜ?”

“ነግሬሃለሁ። እዚህ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። ከጓድ ሻለቃ ትከሻ ኋላ።”

“እንዴት እንደተከፈተ ቢያስረዱኝ።”

“ይሄ ምን ያስረዳል? ጮኸ። ቡሹ ተፈናጥሮ ጣሪያ መታ። እኔ እንኳ እጄ ወደ ሽጉጤ ሄዶ ነበር” አለና ሳቀ። “ጓድ ሻለቃም ደንግጠዋል።”

በአዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። አብዱልሀሚድ አንገቱን ቀና አደረገ። ስሜነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሻለቃ አንዳርጌ ወንበሩን ወደ አለሜ ቀስ አድርጎ አዞረ።

“የምን ድምፅ?” አለ።

“ሲ… ሲከፈት፣ ጓድ ሻለቃ።”

“ድምፅ አልነበረም። እኔ ራሴ ነኝ ‘ከዳኸኝ’ ያልኩት። ከትከሻዬ ኋላ ብትሆን ትሰማኝ ነበር።” ወደ ደባሱ ዞረ። “ቀጥል።”

ደባሱ ቀጠለ። ስለ ጣቶቻቸው ቅላት ተናገረ፤ በርበሬ ባልገባበት ግብዣ ላይ የካህኑ እጅ አዋዜ እንደነካ። ስለ እንግዳዋ ክፍል ጠብታ፣ ስለ ዱቄቱና ስለ አረፋው፣ የጠረጴዛው ልብስ ደረቅ ስለመሆኑ። ቆርቆሮውን ከካፖርቱ አውጥቶ አስቀመጠና መርዙ ከማን ቢሮ እንደሚታደል ተናገረ። “ካህኑ የመጡት ስለጠፋው መስቀላቸው ለእርስዎ ሊነግሩ ነው፣ ጓድ ሻለቃ። ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ሲያይ አንድ ሰው ከዚህ ወጥቶ የጾም ምሳቸውን ሰጣቸው። ከዚያ ተመልሶ መርዙ እስኪሠራ ረዥም ንግግር አደረገ።”

“አድኃሪ!” አለ አለሜ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

“እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ” አለ ሻለቃው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የራሱ ሽጉጥ ግን ከጉልበቱ ላይ ነበር። አለሜ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከሽምብራው ሳህን አጠገብ።

ከአለሜ ቢሮ፣ የመፈክር ጨርቆች ከሚቀመጡበት ሣጥን ሥር፣ መስቀሉ ተገኘ። አብሮት የአዋዜ ቅሬታ የደረቀበት ክዳን ያለው ጣሳ ነበር።

አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ሻለቃ አንዳርጌ ደባሱን ለብቻው ጠራው። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል። አለሜ እጁ ታስሮ ተሳፍሯል።

“ሦስቱን ፍታቸው። መስቀሉንም መልስ፤ ሳትጮኽ መልስ። በሪፖርትህ ላይ ግን ካህኑ በድንገተኛ ሕመም ሞቱ ብለህ ጻፍ።”

“ጓድ ሻለቃ…”

“የውጭ ሰው ሊመጣ ነው። ካድሬ ቄስ መርዞ ገደለ ሲባል እንዲሰማ አልፈልግም። እሱን እኛ እንጠይቀዋለን።” ወደ ደረጃው ሄደና ቆመ። “ጎበዝ መርማሪ ነህ። ጎበዝ ሰው ደግሞ ዕድሜው እንዲረዝም አፉን ይጠብቃል።”

አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመው ዝግባ ዋሻ የደረሱት ፀሐይ ወደ ገደሉ ማዶ ስታዘቀዝቅ ነው። ደባሱ መስቀሉን በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፎታል። አብዱልሀሚድም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ትከሻውን ለማንም አላስለቅቅ ብሎ ነው የመጣው።

መንደሩ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደጃፍ ቆሞ ጠበቃቸው። የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ወሬው ቀድሟቸዋል። አንዳንዱ ፊቱን አዙሯል፤ ካህናቱም ጥላ አልያዙም፤ ጽናጽልም አልነበረም። የመምሬ ሚስት እመት አስቻለች ብቻቸውን ፊት ለፊት ወጥተው ከቃሬዛው አጠገብ ቆሙ።

“አንተ ነህ መርማሪው?” አሉት።

“እኔ ነኝ፣ እናቴ።”

“እንግዲያው ንገረኝ። ከጥምቀቴ ጀምሮ ጾም የሻረ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ባሌ ገድፎ ነው የሞተው ይላሉ። እንዴት እንደምቀብረው ልወቅ። በምን ሞተ?”

ደባሱ ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። ከፊተኛው ረድፍ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን አንግቦ ቆሟል፤ ዛሬ የተባለው ነገር ሁሉ ነገ ላሊበላ፣ ከነገ ወዲያ ደሴ ይደርሳል። በድንገተኛ ሕመም። ሁለት ቃል ነው። ሽታዬ የቆለፈችለትን የአንገቱን አዝራር ፈታ።

“መምሬ አልገደፉም” አለ። “ከቅዳሴ ወጥተው የጾም ዳቦ ባርከው ነው የበሉት። ሰው መርዝ አድርጎ ሰጣቸው። የገደላቸው ይህን መስቀል የወሰደ ሰው ነው፤ እንዳይናገሩበት ነው የገደላቸው።”

ነጠላውን ገልጦ መስቀሉን ለእመት አስቻለች ሰጣቸው። አሮጊቷ ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ድምፅዋን አሰማች፤ ከዚያ ሌላዋ ተከተለቻት። ካህናቱ ወደ ውስጥ ሮጡ፤ ጥላው ወጣ።

ሊቀመንበሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ለቅሶው እስኪያይል ጠበቀና ወደ ደባሱ ተጠጋ።

“ማን ነው ገደላቸው ያልከው? ስሙን አልጠራህም።”

ደባሱ ዓይን ዓይኑን አየው። ከዚያም ከኋላ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ፣ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠራው።